አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ምራቅ የሰውን ዘር ይናገራል እንዴ? ዘነበወርቅ ይህን ጥያቄ ለማን እንደምታቀርበው ጨነቃት። የንስሐ አባቷን እንዳትጠይቅ «ምን አሳሰበሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ልጇን ተሰማን እንዳትጠይቅ፣ ተሰማ ሲጠየቅ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ዝምታው ደግሞ ከመልስ ይከብዳል። የልጅ ልጇን ናዝሬትን እንዳትጠይቅ ነገሩን ቤት ድረስ ይዛ የመጣችው እሷው ናት። እናም ረቡዕ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ቡፌው ላይ የቆመችውን ብልቃጥ ትመለከት ነበር። ጣት የምታህል የፕላስቲክ ብልቃጥ ናት፤ ሰማያዊ ክዳን አላት፤ ጎኗ ላይ ጥቋቁር መስመሮችና ረጅም ቁጥር ተለጥፎባታል። በጨው ዕቃውና በተሰማ ራዲዮ መካከል ቆማ ስትታይ ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች።

ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው ማታ ነው። ናዝሬት ወልቂጤ ስታቲስቲክስ ተምራ ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን የስኳር በሽታ ለምን አንዳንዱን ቤተሰብ መርጦ እንደሚይዝ የሚያጠኑ ሰዎች ጋር ተቀጥራ ቡታጅራና መስቃን ውስጥ ቤት ለቤት ትዞራለች። የራሷን ቤት ራሷ መመዝገብ አልነበረባትም፤ ባልደረባዋ ሃኒ ታማ ስለቀረች ግን የአያቷን ቅጽ ይዛ ቁጭ አለች። ዘነበወርቅን ቅጽ አያስፈራትም። እዚህ አገር ሰው መቆጠር ለምዷል፤ በር ላይ ቁጥር የሚጽፉ፣ በዚህ ዓመት ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያሉ ደብተር የሚሞሉ ልጆች ስታስተናግድ ነው ያረጀችው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረችም ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ አሻግራ ታነበዋለች። እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ እየሳቀች መለሰች፤ ዕድሜ፣ ጨው፣ ጣፋጭ፣ በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ። «ሥጋ በሳምንት? የኪሎውን ዋጋ ሰምተሻል?» ብላ ቀለደች። አሥራ አራተኛው ግን የአራቱን አያቶቿን ጎሳና የዘር ሙያ ጠየቃት። «ገበሬ» አለች። «አራቱም?» «አራቱም ገበሬ። የእናቴ አባት የአታት ሰው ነው፤ ገበሬ ነው።» ናዝሬት ቀና ሳትል ጻፈችው። ከዚያ ብልቃጧን ቡፌው ላይ አቆመችና፣ «ጠዋት ሳትበዪ ምራቅሽን እስከ መስመሩ ትሞይልኛለሽ፤ ዘር ማንዘርሽ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ» ብላ እንደ ቀልድ ተናግራ ተኛች። ዘነበወርቅ አልተኛችም።

የእናቷ አባት የአታት ሰው አልነበረም። ከጉንችሬ ማዶ፣ እንጨት ጠርበው ቤት ከሚያቆሙት ሰዎች ወገን ነበር። ያ ወገን የሚጠራበት ስም አለ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። የጉራጌ ትልቁ ቤት መሐሉ ላይ የሚቆመውን ምሰሶ የሚመርጡት፣ የሚጠርቡት፣ የሚተክሉት እነሱ ናቸው። ቤቱ ተከድኖ እሳት ከተነደደበት በኋላ ግን ያቆሙት ሰዎች ደጃፉን አያልፉም ነበር፤ ምግባቸው ውጭ በኮባ ቅጠል ይሰጣቸዋል፣ ቅጠሉም ይጣላል። የዘነበወርቅ አባት ከእነሱ ሴት ልጅ ወደደና፣ ይዟት በእግሩ ቡታጅራ ገባ። «ወላጆቿ የሞቱባት የአታት ልጅ ናት» አለ፤ ሰውም አመነ፣ ወይም ያመነ መሰለ። እናቷ አዛለች በገዛ ቤቷ እንኳ በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። የራሷ ጣሳ ነበራት፤ ማንም እንዳይጠጣበት ለብቻው ትሰቅለዋለች። ዘነበወርቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ በዚያ ጣሳ ውኃ ጠጥታ ስትገኝ፣ እናቷ መጀመሪያ መታቻት፣ ቀጥላ አቅፋት አለቀሰችና ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ሊሆን ነው። ለባሏ አልነገረችም፤ ባሏም ሳይሰማ ሞተ። ተሰማ በአሥራ ስድስት ዓመቱ እንጨት ሥራ እማራለሁ ብሎ የተነሳ ጊዜ ሳምንት ሙሉ አልቅሳ ምግብ አልበላ ብላ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ማንም አላወቀም። ተሰማ ተምሮ ዛሬ በዋናው መንገድ ላይ የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻ አለው፤ ሦስት ሠራተኛ ያሠራል፤ አንድ አልጋ ሠላሳ ሺህ ብር ይሸጣል፤ ማንም በኮባ አይሰጠውም። ዘመኑ ተለውጧል ይላሉ። ሆኖም በመጪው እሑድ የናዝሬት እጮኛ የዮናታን ሽማግሌዎች ከወልቂጤ ይመጣሉ፤ ሽማግሌ ደግሞ ቡና ጠጥቶ ብቻ አይመለስም፤ አጥንት ይቆጥራል። ዘመኑ የተለወጠው እስከ እሑድ ድረስ ይሁን ወይም ከእሑድም በኋላ፣ ዘነበወርቅ እርግጠኛ አይደለችም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቷ አሚኔ እንደ ልማዷ በጓሮ በር ገባች። የስልጤ ሴት ናት፣ ሰፊ፣ ድምጿ የጎላ፤ በርበሬ ትነግዳለች። ዘነበወርቅን በሀገሩ ላይ ማንም በማይጠራት ስም ነው የምትጠራት።

«ዘኔ! አሰላሙ አለይኩም፣ ገና አልጋ ላይ ነሽ? ስኳርሽ ተነሳ?»

«አፌ ደረቀ» አለች ዘነበወርቅ፤ ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው። «ይሄ የመድኃኒቱ ነገር። ልጅቷ ምራቅ ሙዪልኝ ብላ ሄዳለች፣ ጠብ አይልልኝም። አንቺ ትፊልኝ።»

አሚኔ ብልቃጧን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየቻት። «ምራቅ ምራቅ ነው?»

«ምራቅ ምራቅ ነው።»

«የስልጤ ምራቅ ክርስቲያን ብልቃጥ ውስጥ ይገባል?»

«ዝም ብለሽ ትፊ አንቺ ሴትዮ!»

«ሳሙና ይሰጣሉ አሉ፣ ሁለት ሳሙና። ሳሙናው የኔ ነው» አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የበርበሬ ዋጋ እየጨመረ መሆኑን፣ የወልቂጤ ነጋዴዎች እርጥቡን ከደረቁ እየቀላቀሉ እንደሚያጭበረብሩ እያወራች፣ በየመሐሉ እያቆመች ትተፋለች። እስከ መስመሩ ለመሙላት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። «ለሰው ይህን ያህል ተፍቼ አላውቅም» ብላ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች፤ ሁለቱም እንደ ልጃገረድ ሳቁ። አሚኔ ከወጣች በኋላ ዘነበወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተነፈሰች። አራት ሰዓት ላይ ናዝሬት በበሩ ብቅ ብላ ብልቃጧን በበረዶ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችና «ጎበዝ እማዬ!» ብላ ግንባሯን ስማ ሄደች። ያ መሳም ዘነበወርቅን ትንሽ ቆጠቆጣት፤ ቢሆንም አለፈላት።

ምሳ ላይ ሦስቱም ተገናኙ። ብርቱካን፣ የተሰማ ባለቤት፣ መርካቶ ያለውን ሱቅ ስለምትጠብቅ በሳምንቱ መሐል ቤቱ የሦስት ሰው ቤት ነው። ረቡዕ ስለሆነ ቆጮ በጎመን፣ ከጎኑም ሽሮ ቀረበ። ተሰማ ሱሪው ላይ የመጋዝ ብናኝ እንዳለ ተቀምጦ ይበላል፤ ሲበላ አያወራም፤ እናቱ ግን ጎመኑን ወደ እሱ ስትገፋ መልሶ ወደ እሷ ይገፋዋል፤ የሁለቱ ወግ ይኸው ነው። ናዝሬት ናት የምታወራው። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብልቃጦቹን ሁሉ ይዞ ከጤና ጣቢያው ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው በኮምፒዩተር እንደሚሆን ነገረቻቸው።

«የመጀመሪያው ሥራዬ ዘመድ ከዘመዱ መግጠሙን ማየት ነው» አለች። «እናት ከልጇ፤ የአባዬ ምራቅ ትናንት ገብቷል። ልጅ ከእናቱ ግማሹን ይወርሳል፤ ማሽኑ ያንን ያወጣዋል፣ አይሳሳትም።»

ዘነበወርቅ የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። «ባይገጥምስ?»

«ያ ሰው የዚያች እናት ልጅ አይደለም ማለት ነዋ። አንነግራቸውም፤ ክልክል ነው። ዝም ብለን ከጥናቱ እናወጣቸዋለን።»

ተሰማ ቀና አለ። እሱ መቀለድ የሚችለው በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው፤ ዛሬ ደረሰለት። «እንግዲህ ከገበያ ላይ አንስተሽ ያመጣሽኝ ከሆነ ዛሬ ይታወቅብሻል፣ እማ።»

ናዝሬት ሳቀች። ዘነበወርቅ ጉርሻውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ልጇን አየችው፤ የአባቱ አፍንጫ፣ የራሷ ጆሮ። ሁለት ቀን ምጥ የያዛት፣ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል በሰው ትከሻ ደርሳ የወለደችው ልጅ ነው። አሁን አዲስ አበባ ያለ ማሽን ተሰማ የማንም አይደለም ሊል ነው፤ ናዝሬትም ብቻዋን ኮምፒዩተሯ ፊት ቁጭ ብላ አይታው፣ ክልክል ነው ብላ ዝም ልትል ነው፤ ከዚያ በኋላ አያቷን በምን ዓይን ልታይ? አንዱን ልሸፍን ብላ የባሰውን አጋለጠች።

«የአሚኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ምራቁ። የኔ አይደለም፣ የአሚኔ ነው። አፌ ደርቆብኝ ነው።»

ናዝሬትን ሳቅ ያዛት፤ እጇን አፏ ላይ ብታደርግም አልቻለችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ወይኔ! አባዬን እናት አልባ ልታደርጊልኝ ነበር! ጠዋቱን ሁሉ በረዶ ውስጥ ይዤ ስዞር የነበረው የአሚኔን…» ተሰማ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዘነበወርቅ አኮረፈች፤ ኩርፊያዋም አሳቃቸው። ናዝሬት የአሚኔን ብልቃጥ ከሳጥኗ ነጥላ፣ ከቦርሳዋ አዲስ አወጣች። ዘነበወርቅ አፏን በውኃ ታጥባ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለባት፤ ሰዓቱ ገና ሰባት ተኩል ነው፤ ይደርሳል። እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ደረቅ አፍ ነው፤ ሁሉም አምነዋል።

ግማሽ ሰዓቱን ሲጠብቁ ግን ዘነበወርቅ ጥያቄዋ ተመለሰባት። አሁን አልቻለችም። «ለመሆኑ ያ ማሽን የሰው አያት ምን ሠርቶ ይበላ እንደነበር ያያል?»

«አያይም እማዬ። ምራቅሽ ውስጥ መጥረቢያም ማረሻም የለም። የተጠናውን አንብቤዋለሁ፤ ብረት ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪውም፣ ገበሬውም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ምንጭ ሰዎች ናቸው። ሰው ነው የለያቸው።»

«ታዲያ ለምን በወረቀት ትጠይቃላችሁ?»

ናዝሬት ሳቋ ቆመ። የሚያማት ቦታ ተነክቶባታል። ብልቃጧን በጣቶቿ እያሽከረከረች፣ ይህን የምትሠራበትን ሂሳብ ያወጡት ሰዎች ደግ እንዳልነበሩ ነገረቻቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ይሆናል፤ የአባትና የልጅ ቁመት እየለኩ፣ የሰው ጭንቅላት እየለኩ ነው ሂሳቡን ያቀኑት። ሂሳቡ ልክ ነው። እነሱ ግን ማን መውለድ አለበት፣ ማን መውለድ የለበትም ሊሉበት ፈለጉ፤ ድሃውን፣ በሽተኛውን፣ የናቁትን ወገን ሁሉ። በአንዳንድ አገር ሕግ ወጥቶ ሰው እንዲመክን ተደርጓል። አስተማሪዋ ይህን ነገራቸው፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ሂሳብ ፈተናቸው።

«እና አንቺ በነዚያ ሰዎች ሂሳብ ነው የምትበይው?» አለች ዘነበወርቅ።

«በሱ ነው። ሌላ የለማ።»

«ሚዛኑ ልክ ከሆነ ባለሚዛኑ ሌባ ቢሆን ምን አለበት?» አለ ተሰማ።

«እንዲያ እላለሁ አባዬ፤ ግን አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ባነበብኩ ቁጥር ሌባው ከጀርባዬ የቆመ ይመስለኛል። ይውጣ ብዬ አለቃዬን ተከራክሬዋለሁ። እሱ ደግሞ ‹ካወጣነው ሐኪም ቤት የማይደርሰው ማን እንደሆነ በምን እናውቃለን?› ይላል። እሱም እውነት አለው። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው ጠይቄአለሁ። የአያቱ ሙያ እንጨት ጠረባ ነው ያለኝ ስንት ይመስላችኋል?» ጣቶቿን ገጥማ ክብ ሠራች። «ዜሮ። ሁሉም ገበሬ። በኔ ወረቀት ከሄድን ጉራጌ አገር አንድ እንጨት ጠራቢ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ቤት ራሱ ነው የቆመው። ሪፖርቱ ላይ ‹አልተገኙም› ብለን እንጽፋለን፤ በቃ፣ የሉም።»

ዘነበወርቅ በዚያ ማዶ አገር ጭንቅላት የሚለኩትን ሰዎች ልትገምታቸው ሞከረች፤ አልመጡላትም። የመጣላት የኮባ ቅጠል ነው። እዚህ ለመለየት ሂሳብ ማን ፈልጎ? ቅጠል ይበቃ ነበር። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደሷ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ይሆን? እናቷ ቀብሯ ላይ እንኳ «የአታቷ አዛለች» ተብላ ነው የተለቀሰላት፤ ያልነበረችበት አገር ስም ይዛ መቃብር ገባች። አሁን ደግሞ ወረቀቱም የለችም ሊላት ነው። ያንን የጻፈችው ደግሞ የገዛ ልጇ ልጅ ናት፤ ያስጻፈቻትም እሷ።

«ደረሰ» አለች ናዝሬት ሰዓቷን አይታ። ዘነበወርቅ ብልቃጧን ተቀብላ ፊቷን አዞረች፤ ሰው እያያት መትፋት ታፍራለች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ ክዳኑን ራሷ አጥብቃ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ናዝሬት ቁጥሩን ለማመሳሰል ቅጹን አወጣች።

«አሥራ አራትን አምጪው» አለች ዘነበወርቅ።

«ምን ሆነ?»

«አንድ ብለሽ ጻፊ።»

ናዝሬት አልገባትም። ዘነበወርቅ መቀነቷን እያጠበቀች፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ፣ «ዜሮ አይደለም። አንድ ነው። የእናቴ አባት ምሰሶ ተካይ ነበር። ያቆመው ቤት ውስጥ አይገባም ነበር። አታት አያውቅም፤ የጉንችሬ ማዶ ሰው ነው። ስሙ ሰይዶ» አለች። ስሙን ጮክ ብላ ጠርታው ስለማታውቅ እንዴት እንደሚጠራ የማታውቅ መሰለች። ከዚያ ፍርሃቷ ሁሉ በአንድ ላይ መጣባት፤ «እሑድ ሽማግሌዎቹ… ከእሑድ በኋላ ይሁን ካላችሁ ይሁን፣ ቅደጂው ካላችሁኝም…» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም።

ናዝሬት ብዕሯን እንደያዘች አባቷን አየችው። ዮናታንን ትወደዋለች፤ ቤተሰቡንም ታውቃለች። ዘነበወርቅ አንድ ቃል ትጠብቅ ነበር፣ «ግድ የለም» የሚል እንኳ። ናዝሬት ግን ጎንበስ ብላ «ገበሬ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ከሥሩም በጥንቃቄ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች። ከጻፈች በኋላ እጇን አያቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች፤ አላነሳችውም።

ዘነበወርቅ፣ ተሰማ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በር ላይ ቆሞ «ለምን ታለቅሻለሽ?» ሲላት ያየችውን ፊት አሁን ሃምሳ ዓመት በሆነው ፊቱ ላይ አየችው። ይቆጣ እንደሆነ፣ ያፍር እንደሆነ፣ ለምን እስካሁን ይላት እንደሆነ አላወቀችም፤ ሁሉንም ለመስማት ራሷን አዘጋጀች። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ተሰማ ተነሳ። እጁን ታጥቦ በፎጣ አደረቀ፤ ጃኬቱን ለበሰ። ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ብልቃጧን አነሳት፣ ክዳኗን በአውራ ጣቱ ደግሞ ሞከረው፣ በደረት ኪሱ አስገብቶ ቁልፉን ቆለፈ። ቅጹን ከናዝሬት እጅ ወሰደ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበትና ለሁለት አጠፈው። በእናቱ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት፤ ከዚያ ብልቃጧን በጃኬቱ ላይ በመዳፉ ደግፎ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣ።